ቁስሉ ተዘጋ እንጂ አልያዘም፦ በማለዳ ስለሚያገረሽ የዓይን ብሌን መላጥ

የቡና ለቀማ ወቅት ነው። በጅማ ዞን ማና ወይም ጎማ ወረዳ ውስጥ አንድ ለቃሚ ቀና ብሎ ቅርንጫፍ ሲስብ ከእጁ ያመልጠዋል፤ ቅርንጫፉ ተመልሶ ዓይኑን ይገርፈዋል። ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፤ ከጤና ጣቢያ ቅባት ይሰጠዋል፤ በሦስተኛው ቀን ደህና ይሆናል። ሁለት ወይም ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ዓይኑን ልግለጥ ሲል የሚያስጮኽ ሕመም ያስነሳዋል። እንባው ይወርዳል፣ ብርሃን ማየት አይችልም። በባጃጅ ተሳፍሮ ጅማ ከተማ እስኪደርስ ረፋድ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ሕመሙም ጋብ ብሏል። በባትሪ ያየው ባለሙያ ከቀላ ዓይን በቀር ምንም አያገኝምና «አለርጂ ነው» ይለዋል። ጠብታ ይዞ ይመለሳል፤ ከሳምንት በኋላ ያው ሕመም ይደገማል።

ሐኪሞች ይህን ሪከረንት ኮርኒያል ኢሮዥን ይሉታል፤ በየጊዜው የሚያገረሽ የብሌን መላጥ ማለት ነው። ለመረዳት የሚከብደው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፦ የብሌን ቁስል መዘጋቱ ሌላ፣ ከሥሩ መያዙ ሌላ ነው። መዘጋቱ ቀናት፣ መያዙ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ሕመሙ የሚቆመው ቁስሉ ሲዘጋ ስለሆነ ታማሚውም መድኃኒቱን የሚተወው እዚያው ላይ ነው።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ ያለው

ብሌን የምንለው እዚህ ላይ በዓይን ፊት ለፊት ያለውን ጥርት ያለ ጉልላት፣ ኮርኒያን ነው። የጎን ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዓይን ብርሃንን ሰብሮ ምስል ከሚሠራበት ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘው ከእሱ ነው፤ ስለዚህ መሃሉ ላይ የሚቀር ትንሽ ጠባሳ እንኳ እይታን ያደበዝዛል። ጥርት ብሎ እንዲኖር የደም ሥር የለውም። ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር በእንባ በኩል ነው፤ ይህ ነገር ሌሊት ለሚሆነው ነገር ቁልፍ ነው።

ከላይ ያለው ሽፋን ኤፒቴልየም ይባላል። ውፍረቱ 50 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም አንድ ሚሊ ሜትር ለሃያ ቢከፈል አንዱ ክፍል መሆኑ ነው። ሕዋሳቱ ከ5 እስከ 7 ረድፍ ተደራርበዋል። አዳዲሶቹ ከታች ይወለዳሉ፣ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ በመጨረሻም ረግፈው በእንባ ይታጠባሉ፤ ሽፋኑ በሙሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል። ለዚህ ሁሉ ዘር የሚሰጡት ሕዋሳት የሚገኙት የዓይን ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ጠርዝ ዙሪያ ነው።

ከዚህ ሽፋን ሥር ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባል እጅግ ስስ ወለል አለ። ቀጥሎ የቦውማን ሽፋን ይመጣል፤ ውፍረቱ 10 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን አንዴ ከተቆረጠ አይተካም፤ በምትኩ ጠባሳ ይቀራል። ከሥሩ ያለው ስትሮማ የብሌኑን ውፍረት ዘጠና በመቶ የሚሸፍን፣ በሥርዓት የተደረደረ፣ ኮላጅን የተባለ የፕሮቲን ክር ነው። ከውስጥ በኩል ያሉት ሁለት ሽፋኖች፣ ዴስሜትና ኢንዶቴልየም፣ ለብሌኑ ጥራት ወሳኝ ናቸው፤ በዚህ በሽታ ግን እጃቸው የለበትም፤ እናልፋቸዋለን።

ሕመሙ ለምን ይህን ያህል ይበረታል? የብሌን ነርቮች ከፊት የስሜት ነርቭ፣ ከትራይጀሚናል፣ ተነስተው በላይኛው ሽፋን ሥር እንደ መረብ ይሰራጫሉ፤ ጫፎቻቸውም በሕዋሳቱ መካከል ወደ ላይ ይወጣሉ። ብዛታቸው ቆዳ ላይ ካሉት በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ሽፋኑ ሲላጥ እነዚህ ጫፎች ለአየርና ለዓይን ቆብ ፍትጊያ ይጋለጣሉ። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ልጠት አንድን አርሶ አደር ቀኑን ሙሉ ከሥራ ብታስተኛው አጋንኗል አይባልም።

የማይታየው ማጣበቂያ

የታችኛው ረድፍ ሕዋሳት ወለሉን የሚይዙት ሄሚዴስሞሶም በሚባሉ ጥቃቅን መቆንጠጫዎች ነው። ከመቆንጠጫዎቹ ሥር ደግሞ 7ኛው ዓይነት ኮላጅን የተባለ ክር ወለሉን አልፎ የቦውማን ሽፋን ውስጥ ይሰካል። ጭድ የገባበትና ያልገባበት ምርጊት ልዩነቱ ላይ ላዩን አይታወቅም፤ ዝናብ ሲመታው ጭድ የሌለው ከግድግዳው ተላቆ ይወድቃል። በብሌን ላይ የጭዱን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ክሮች ናቸው።

ብሌን ሲጫር በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ጠፍጠፍ ብለው በቁስሉ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይሸፍኑታል። ወለሉ ካልተነካ መቆንጠጫዎቹም ቶሎ ይመለሳሉ። ወለሉ አብሮ ከተፋቀ ግን አዲስ ወለልና አዲስ ክር መሠራት አለበት፤ ይህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ወራት ይወስዳል። በዚህ መሃል ሽፋኑ ዝም ብሎ እንደተነጠፈ ነው። አንዳንዱ ዓይን ላይ ደግሞ አሮጌው የተቀደደ ወለል ከሥሩ ተጣጥፎ ስለሚቀር አዲሱ ሽፋን ጨርሶ አጥብቆ አይይዝም። ኤምኤምፒ ዘጠኝ የሚባል ኢንዛይምም አለ፤ የዓይን ቆብ ጠርዝ ቅባት አመንጪ ዕጢዎች በተቆጡበት ሰው ላይ ይበዛና ገና የሚሠሩትን ክሮች ይበላል።

ይህን የሚያመጣው ጉዳት በአብዛኛው የሚፍቅ እንጂ የሚወጋ አይደለም። የሕፃን ጥፍር ዋናው ነው፤ ጡት እያጠባች ወይም አዝላ የተጫረች እናት ብዙ ናት። የበቆሎ ቅጠል ጠርዝ፣ የቡናና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የወረቀት ጠርዝ ይከተላሉ። ያለ ምንም ጉዳት የሚይዛቸውም አሉ፤ ወለሉ ከተፈጥሮ ያለቦታው እየወፈረና እየተጣጠፈ የሚያድግባቸው ሰዎች ናቸው። በነዚህ ላይ ሁለቱም ዓይኖች ይጠቃሉ፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይገለጣል። የስኳር ሕመምተኞችም ማጣበቂያቸው ደካማ ነው።

ለምን ማለዳ?

ዓይን ሲከደን አየር ይቀራል፤ ብሌኑ ኦክስጅን የሚያገኘው ከቆቡ የውስጥ ገጽ የደም ሥሮች ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ሌሊቱን በጥቂት በመቶ ያብጣል። ሁለተኛ ነገር አለ፦ ቀን እንባ በትነት ውሃውን ስለሚያጣ ጨዋማነቱ ከፍ ይላል፣ ውሃም ከብሌኑ ይስባል። ሌሊት ትነት የለም፤ እንባው ይቀጥናል፤ ውሃም ወደ ሽፋኑ ይገባል። የእንባው መጠንም ይቀንሳልና ያበጠውና ያልያዘው ሽፋን ከቆቡ የውስጥ ገጽ ጋር ይጣበቃል። ሰውየው ዓይኑን ድንገት ሲገልጥ፣ ወይም በሕልም ጊዜ ዓይኑ ከቆቡ ሥር ሲንከራተት፣ ቆቡ ሽፋኑን ይዞት ይሄዳል። ልጠቱ ያን ጊዜ ይፈጠራል።

ትንሽ ልጠት በአንድና በሁለት ሰዓት፣ ሰፊው በቀን ወይም በሁለት ቀን ይዘጋል። በረፋድ ዓይኑ ደህና መስሎ የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ የሐኪም ስንፍና ብቻ አይደለም።

ሌላ እንዳይሆን

የማለዳው ሕመም መላጥ ነው ከማለት በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ በአካባቢያችን ከመላጡ ይልቅ አደገኞቹ እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ከቅጠልና ከእንጨት ጉዳት በኋላ የሚመጣ የፈንገስ ቁስል ነው። መለያው አካሄዱ ነው፦ መላጥ በሰዓታት ውስጥ ይሻለዋል፣ የፈንገስ ቁስል ግን በየቀኑ ይብሳል። ብሌኑ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ነጥብ ከታየ፣ እይታ ከቀነሰ፣ ወፍራም ዓይናር ከበዛ፣ ወይም ሕመሙ ከ48 ሰዓት በኋላም ካልቀለለ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ያለበት መድረስ ያስፈልጋል። በዞኑ ለዚህ የሚሆነው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ክፍል ነው።

ሁለተኛው በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ቆብ ፀጉር ነው። ይሄ ቀኑን ሙሉ፣ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይጭራል፤ ማለዳን አይመርጥም። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ተሰብሮ የቀረው ጉቶ ግን ከሙሉው ፀጉር ይብሳል፤ መፍትሔው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው። ሦስተኛው በላይኛው ቆብ ሥር የተሸሸገ ባዕድ ነገር ነው፤ የቡና ገለባ ብናኝ ወይም የወፍጮ ቤት ትቢያ ሊሆን ይችላል። ቆቡ ካልተገለበጠ አይታይም። ብሌኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ጭረቶች ካሉ ጥርጣሬው ወደዚያ ይሄዳል። አራተኛው የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ቁስሉ እንደ ቅርንጫፍ ይዘረጋል፣ የብሌኑ የመዳሰስ ስሜትም ይቀንሳል።

ምርመራው ውድ አይደለም። የዓይን ነርስ ወይም ኦፕቶሜትሪስት ፍሎረሲን የተባለ ቀለም ያለበትን ወረቀት አርጥቦ የታችኛውን ቆብ ይነካና በሰማያዊ ብርሃን ያያል፤ የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቦታው ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ያልያዘው ሽፋን ከፍ ስለሚል አረንጓዴው እንባ ከላዩ ይሸሻል፣ ቦታውም ጥቁር ደሴት ሆኖ ይታያል። ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ጥቃቅን ውሃ አዘል ነጥቦችም ይለያሉ። ደህናውም ዓይን መታየት አለበት፤ እዚያም የካርታ ወይም የጣት አሻራ የሚመስል መስመር ከተገኘ ችግሩ የተፈጥሮ ነው። ታማሚው ሁለት ነገር ሳይጠየቅ ቢናገር ሥራውን ያቀለዋል፦ ሕመሙ የሚጀምርበትን ሰዓትና ከወራት በፊት ያገኘውን ጭረት። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ተረስቷል።

ሕክምናው

ሕመሙ በተነሳበት ቀን የሚደረገው ቀላል ነው። ኢንፌክሽን እንዳይገባ የዓይን ቅባት፣ ክሎራምፌኒኮል ወይም ቴትራሳይክሊን 1 በመቶ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይደረጋል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይወሰዳል። ልጠቱ ሰፊ ከሆነ ሐኪሙ ከብሌኑ በስተጀርባ ያለውን ጥቁር የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ የሚያሰፋ ጠብታ ይጨምራል፤ የውስጥ ጡንቻው ጭብጥ ማለቱን ያቆምና ሕመሙ ይቀላል። ዓይንን በፋሻ መሸፈን ፈውሱን አያፈጥንም፤ ጉዳቱ ከቅጠል ወይም ከእንጨት ከሆነ ጭራሹን አይሸፈንም። ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) ሲገዙ ቱቦውን ያንብቡ፤ ለቆዳ የሚሆነው 3 በመቶው ነው፣ ዓይን ውስጥ አይገባም። የቆዳ ቫዝሊንም እንዲሁ።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ሕመሙ ካለፈ በኋላ ነው። ዓይኑን የተጫረ ሁሉ ለወራት ቅባት ይቀባ ማለታችን አይደለም፤ ይህ አንዴ ላገረሸበት ሰው ነው። ማታ ሊተኙ ሲሉ፣ ከሁሉም ነገር በኋላ፣ እጅዎን ታጥበው የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ ያድርጉና 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያለሰልስ የዓይን ቅባት ያስገቡ። የቱቦው አፍ ዓይንን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። እይታው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ መብራት አጥፍቶ መተኛት ነው። ቅባቱ በቆቡና በሽፋኑ መካከል ስለሚገባ ቆቡ ሲገለጥ ይንሸራተታል እንጂ አይጎትትም። መጨረሻ ካገረሸበት ቀን ተቆጥሮ ቢያንስ ለ3 ወር በየሌሊቱ ይደረጋል። ሕክምናው ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች መካከል ትልቁ በሁለተኛው ሳምንት «ደህና ሆኛለሁ» ብሎ ማቆም ነው።

5 በመቶ ጨው ያለው ቅባት ወይም ጠብታ ከተገኘ ሌሊት የገባውን ውሃ ይስባል፤ ሲገባ ትንሽ ያቃጥላል። ይህን ቤት ውስጥ በጨው በጥብጦ መሥራት የሚሞክሩ አሉ። አይሞከርም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ከጀርም የጸዳ አይደለም፣ በተላጠው ብሌን በኩልም ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። የእናት ጡት ወተትና የቅጠል ጭማቂም ከዚሁ አይለዩም።

ማለዳ ላይ ደግሞ አነቃቅ አለው። የሰው ሠራሽ እንባ ጠብታ ትራስዎ አጠገብ ይደር። ሲነቁ ዓይንዎን ሳይገልጡ በጀርባዎ እንደተኙ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ማዕዘን ላይ ሁለት ጠብታ ያንጠባጥቡ፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይግለጡ። በእጅ ማሸት አይገባም። ቆባቸው ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም የሚተኙ ሰዎች ስላሉ ታማሚው ተኝቶ እያለ ዓይኑ ተከድኖ እንደሆነ ቤተሰብ ቢያይለት ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ከተመለሰ ዶክሲሳይክሊን ይታዘዛል። እዚህ የሚሰጠው ጀርም ለመግደል ሳይሆን ክሮቹን የሚበላውን ኢንዛይም ለመግታት ነው። የተለመደው መጠን 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ2 ወር ገደማ ነው። በብዙ ውሃ ተውጦ ለግማሽ ሰዓት አይተኛም፤ አለበለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይወስዱትም፤ የሕፃን ጥፍር ከጫራቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ከዚህ መንገድ ውጭ ናቸው። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ መቆጣትን የሚያበርድ የስቴሮይድ ጠብታ ሊጨምር ይችላል፤ በዓይን ሐኪም ክትትል ብቻ።

ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ እንደ ፋሻ ማድረግ ሌላው አማራጭ ነው። ቆቡ ሽፋኑን እንዳያገኘው ይከላከላል፤ በየጥቂት ሳምንቱ እየተቀየረ ለ2 ወይም 3 ወር ይቆያል። በጽሑፍ ላይ ጥሩ ነው። አቧራ ውስጥ እየዋለ፣ ለክትትል ከሰቃ ጨቆርሳ ወይም ከሊሙ መመላለስ ላለበት ሰው ግን እኛ አንቸኩልበትም፤ ሌንስ ያለበት ዓይን ከቀላና ካመመ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ካልሆነ ወደ እጅ ሥራ ይኬዳል። ልጠቱ ከመሃል ውጭ ከሆነ በማደንዘዣ ጠብታ ዓይኑ ደንዝዞ፣ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን መርፌ የላላው ቦታ በየግማሽ ሚሊ ሜትሩ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ተራርቆ ይወጋል። መርፌው የቦውማንን ሽፋን ብቻ በስቶ ስትሮማውን በትንሹ ይነካል። እዚያ የሚፈጠሩት ጥቃቅን ጠባሳዎች ሽፋኑን ይሰኩታል። የጠባሳው ነጥብ ብርሃን ስለሚበትን እይታ የሚያልፍበት መሃል ላይ አይሠራም። ለመሃሉ የላላው ሽፋን ተገፎ ወለሉ በአልማዝ ብናኝ በተለበጠ ትንሽ ኳስ ይወለወላል፣ ወይም በኤክሳይመር ሌዘር ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ይነሳል። ሌዘሩ ትልቅ መሣሪያ ይጠይቃል፤ መርፌው ግን ስሊት ላምፕና የለመደ እጅ ካለ በቂ ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነው። ከሁሉም በኋላ የሌሊቱ ቅባት ለወራት ይቀጥላል።

ዓይንን የሚያጠፉ ሁለት ጠብታዎች

በሽታው ራሱ ዓይን አያሳውርም። የሚያሳውረው በሕመሙ መካከል የሚደረግ ነገር ነው።

አንዱ ማደንዘዣ ጠብታ ነው። በምርመራ ወንበር ላይ ቴትራካይን የተጨመረለት ሰው ሕመሙ በሰከንዶች ስለሚጠፋ «ይህችን ስጡኝ» ይላል። አይሰጥም። ደጋግሞ ሲጨመር የሚንሸራተቱትን ሕዋሳት ይመርዛል፤ ቁስሉ መዘጋት ያቆማል፤ ብሌኑ እየሳሳ ሊበሳም ይችላል። ሕመሙ ስለማይሰማ ሰውየው መበላሸቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ሌላው ያለ ምርመራ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው፤ ብቻውንም ሆነ ከፀረ ተሕዋስ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። መቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ሥር ያለው ፈንገስ ወይም ሄርፒስ ከሆነ ግን መንገዱን ይጠርግለታል። ባለፈው ዓመት ለጎረቤት የታዘዘ፣ መስኮት ላይ የቆየ ጠርሙስም አለ፤ የዓይን ጠብታ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል። ወደ ሕክምና ሲሄዱ እስካሁን የተጠቀሙበትን ጠብታና ቅባት በሙሉ፣ ባዶውን ጠርሙስ ሳይቀር፣ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ስሙን አንብቦ የሚወስነው ነገር አለ።